አባዬን ከቶርኖው ያነሱበት ክረምት

ባለፈው ሳምንት ለልጄ ብርድ ልብስ ልገዛ መርካቶ ሄጄ፣ ሰባተኛ ከሚባለው ሰፈር ጀርባ ባለው ጠባብ መተላለፊያ ሳልፍ ጽድ ሸተተኝ። ተቆርጦ የተከመረ ጽድ አይደለም። ገና እየተላጠ ያለ፣ ሞቅ ያለ፣ ጉሮሮ ድረስ ገብቶ ምሬት የሚተው ነው። ዞር ስል አንድ ሰውዬ ቆርቆሮ በር ውስጥ ማሽን ላይ ጎንበስ ብሎ የወንበር እግር ያወጣል። ቆሜ ቀረሁ። ከኋላዬ ሸክም የያዘ ሰው «እህት፣ እለፊ እንጂ!» ብሎ ሲጮህብኝ ነው የተንቀሳቀስኩት። ብርድ ልብሱንም ሳልገዛ ተመለስኩ።

የአባዬ ሱቅ የነበረበት ቦታ ላይ አሁን ፎቅ ቆሟል፤ ከታች ጫማ ይሸጥበታል። እዚያ ጋ ላለመድረስ ሁልጊዜ በሌላ በኩል ነው የምዞረው። ያን ቀን ግን ሽታው ቀድሞ ያዘኝ።

አራተኛ ክፍልን ጨርሼ ትምህርት ቤት የተዘጋበት ክረምት ነበር። እማዬ ሽንኩርትና ቲማቲም ስለምትቸረችር ገና ሳይነጋ አትክልት ተራ ትወርዳለች። እኔን ቤት ብቻዬን መተው ስለማትፈልግ ጠዋት ጠዋት ከአባዬ ጋር ሱቅ እሄድ ነበር።

አባዬ የእንጨት ቶርኖ ሠራተኛ ነው። ስሙ አሰፋ ነው፤ ሰፈሩ ግን «አሰፋ ቶርኖ» ይለዋል። ሥራውን ለማያውቅ ሰው ማስረዳት ቀላል ነው። አራት ማዕዘን እንጨት ማሽኑ ላይ በሁለት ጫፉ ተወጥሮ በፍጥነት ይሽከረከራል። ሠራተኛው መሮውን ብረት ላይ አስደግፎ ቀስ ብሎ ያስጠጋዋል። እንጨቱ እንደ ጥብጣብ እየተላጠ ይወርድና ክብ ይሆናል፤ ከዚያ ወገብ ይወጣለታል፣ አንገት ይወጣለታል፣ ቀለበት ይወጣለታል። የአልጋ እግር፣ የደረጃ መደገፊያ፣ ዘነዘና፣ የሻማ ማስቀመጫ፣ ሁሉም ከዚያ ነው የሚወጣው። ከባዱ ነገር አንዱን ማሳመር አይደለም፤ ሌሎቹን እንደ መጀመሪያው ማድረግ ነው። አባዬ የአንድ አልጋ እግሮችን ጎን ለጎን አቁሞ፣ ዓይኑን ጨፍኖ በአውራ ጣቱ ከላይ እስከ ታች ይዳስሳቸዋል። አንዱ ላይ ጣቱ ከቆመ ያ እግር ተመልሶ ማሽኑ ላይ ይወጣል።

ሱቁን ከአባታቸው የወረሱት አባዬና ታናሽ ወንድሙ ናቸው። አጎቴ ሙሉጌታን ጋሼ ሙሌ እለዋለሁ። እሱ እንጨት ይገዛል፣ ይሰነጥቃል፣ ከደንበኛ ጋር ይጨቃጨቃል። ቶርኖም ይችላል፤ ደንበኛ የሚመጣው ግን የአባዬን እጅ ብሎ ነው። ጋሼ ሙሌ ክፉ ሰው አልነበረም። ይህን አስቀድሜ የምናገረው ኋላ ላይ ለመናገር ፍላጎቱ ስለማይኖረኝ ነው።

የዚያ ክረምት መጀመሪያ ጨዋታ ነበር፣ ወይም ለእኔ ጨዋታ ይመስለኝ ነበር። አባዬ አንድ እንጨት ገና መላጥ ሲጀምር ማሽኑን ያቆምና ከፍቅፋቂው አንስቶ አፍንጫዬ ሥር ያመጣልኛል።

«ምን ይሸታል?»

«ጽድ።»

«ይሄስ?»

«ዋንዛ። ይሄኛው ደግሞ ወይራ፣ እሱማ ቀላል ነው።»

«ጎበዝ» ይልና ይመለሳል። እኔ ሥራ እያስተማረኝ መስሎኝ በኩራት ደረቴን እነፋ ነበር። አንድ ከሰዓት እማዬ ወጥ ጥዳ ጎረቤት ደርሳ ስትመለስ ወጡ አርሮ ቤቱ በጭስ ታፍኗል። አባዬ ከምድጃው አጠገብ፣ ጀርባውን ሰጥቶ ተቀምጧል።

«አፍንጫ የለህም እንዴ?» አለችው።

አፍንጫው ከሞተ ብዙ ጊዜ እንደሆነው፣ እኔን የሚጠይቀኝም ስለማይሸተው እንደሆነ ያኔ ማንም አላወቀም። እሱም ለማንም አልተናገረም።

ከዚያ ፊቱ ነው። አባዬ ሳቂታ ሰው ነበር፤ ሲስቅ መጀመሪያ የሚነሳው ቅንድቡ ነው፣ ጥርሱ ኋላ ይከተላል። ያን ክረምት ቅንድቡ መነሳት አቆመ። ጋሼ ሙሌ ሲቀልድ ሁሉም ይስቃል፣ አባዬ እንደ ፎቶግራፍ ያያል። እኔ ስገባ ያየኛል፣ ፊቱ አይለወጥም። ዓመቱን ሙሉ ከክፍል ከአንደኛ እስከ ሦስተኛ ስወጣ ቆይቼ ሰኔ ላይ አስራ አንደኛ ወጥቼ ነበርና ነገሩ ወዲያው ገባኝ፤ አባዬ ተቆጥቶኛል። በአፉ ባይናገረኝም ተቆጥቶኛል። ጫማውን ጠረግኩለት፤ «ተባረኪ» አለኝ፣ ፊቱ ያው። የሠራሁትን የእንጨት አሻንጉሊት አሳየሁት፤ «በጣም ያምራል» አለኝ፣ ፊቱ ያው። አፉ ሌላ ፊቱ ሌላ ሲሆንብኝ ያመንኩት ፊቱን ነው። ማታ ማታ ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቼ አለቅስ ነበር፤ ምን ባደርግ እንደሚታረቀኝ አላውቅም።

እጁ የመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ዝም ብሎ ሲቀመጥ የግራ እጁ አውራ ጣትና ሌባ ጣት እርስ በርስ ይፋተጋሉ፤ ልክ መቁጠሪያ እንደሚቆጥር መነኩሴ። እኔ በድብቅ እየጸለየ መስሎኝ ለእማዬ ነገርኳት።

«አባዬ የማይታይ መቁጠሪያ አለው።»

እማዬ ድስቱን ይዛ ቀጥ ብላ ቆመች። እሷም አይታው ኖሯል።

ሰፈሩ ግን ጸሎት አላለውም። አንድ የቤት ዕቃ ነጋዴ ሱቅ በራፍ ላይ ቆሞ ለጋሼ ሙሌ ድምፁን ዝቅ ሳያደርግ «ወንድምህ ጠዋትም ይጀምራል እንዴ?» ሲለው ሰምቻለሁ። አባዬ በሕይወቱ ከአንድ ብርጭቆ ጠላ በላይ ሲጠጣ አይቼ አላውቅም። ጋሼ ሙሌ «ኧረ ተው፣ ነርቭ ነው» አለ። ነጋዴው ሳቀ። አባዬ ሦስት እርምጃ ርቀት ላይ ነበር፤ መሮውን እየሳለ ነበር፤ መሳሉን አላቆመም።

እማዬ ጸበል ወሰደችው። በሐምሌ ብርድ፣ ከተማው ሁሉ ሹራብ ደርቦ፣ ለሳምንት ያህል ቀዝቃዛ ውኃ ሲፈስበት ሰነበተና ሰውነቱ እንደ ጣውላ ደርቆ፣ ሳል ይዞ ተመለሰ። ከዚያ ከጋሼ ሙሌ ጋር ሆነው ሐኪም ቤት ሄዱ። ሐኪሙ ወጣት ነው፤ ጣቶቹን እንዲከፍትና እንዲዘጋ፣ በኮሪደሩ እንዲሄድና እንዲመለስ አደረገው። ከዚያ የበሽታውን ስም ነገራቸው። ቤት መጥተው ሲነጋገሩ የሰማሁት «ፓርኪንግ ሰው» የሚል ነው። መኪና የሚቆምበት ፓርኪንግ ያለ መስሎኝ ግራ ቢገባኝም ብዙ ሳልቆይ ስሙ ልክ ሆነብኝ። አባዬ በር ላይ ሲደርስ ይቆም ነበር። ሰፊ መንገድ ላይ ይሄዳል፣ ጠባብ በር ሲያይ እግሩ መሬት ላይ ይጣበቃል። ሰውነቱ ወደ ፊት ያዘነብላል፣ እግሩ አይከተልም። እንደቆመ መኪና። ሰው የሚቆምበት በሽታ ነው አልኩ ለራሴ። እውነተኛውን ስም፣ ፓርኪንሰንን፣ በትክክል ያወቅኩት ቆይቼ ነው።

ሐኪሙ የሚዋጥ መድኃኒት ሰጠው። እንደማያድነው ደብቆ አላለፈውም። «ሥራዎን አያቁሙ፤ እጅዎን ማሠራት ጥሩ ነው። ማሽኑ ላይ ግን ብቻዎን አይሁኑ» ብሎታል። እማዬ የሰማችው ሁለተኛውን ነው። አባዬ የሰማው የመጀመሪያውን ነው። ጋሼ ሙሌ የሰማውን ኋላ አወቅን።

አባዬ ወደ ቶርኖው ተመለሰ። እዚያ አንድ ተዓምር አየሁ። ተቀምጦ ሲንቀጠቀጥ የነበረው እጅ መሮውን ሲጨብጥ ቀጥ ይላል። ማሽኑ ሲጮህ እጁ ዝም ይላል፤ ማሽኑ ዝም ሲል እጁ ይጀምራል። እኔ ማሽኑ ነው የሚያድነው ብዬ አመንኩ። ከሱ ባይለይ፣ እዚያው ቆሞ ቢበላ፣ እዚያው ቆሞ ቢተኛ ይድናል ብዬ ለእማዬ ሐሳብ አቅርቤላት ነበር። ሳቀችና ወዲያው ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች።

ተዓምሩ ግን ሰዓት ነበረው። አባዬ ጠዋት በባዶ ሆዱ ክኒኑን ይውጥና በርጩማ ላይ ተቀምጦ ይጠብቃል። ጠብቆ ጠብቆ «መጣ» ይላል፤ ትከሻው ይላላል፣ እግሩ ይፈታል፣ ይነሳል። አንዳንድ ቀን ክኒኑ ሲመጣ መብራት ይሄዳል። የሰፈሩ ማሽን ሁሉ በአንድ ጊዜ ጸጥ ይላል። አባዬ መሮውን እንደያዘ ቆሞ ይጠብቃል። መብራቱ ሲመለስ ክኒኑ ሄዷል። ያኔ ሰው ሁሉ እንደሚያደርገው መብራት ኃይልን አይሳደብም፤ መሮውን ጠርጎ ያስቀምጣል፣ በርጩማው ላይ ይቀመጣል። ያ መቀመጡ ከስድብ ይብስ ነበር።

ዝም ብሎ እጁን አልሰጠም። የመሮዎቹን እጀታ እየነቀለ ረጃጅም እጀታ አወጣላቸው፤ ጫፋቸውን ብብቱ ሥር ሸጉጦ በክንዱ ፈንታ በሰውነቱ ይገፋል። ክርኑን ከጎድኑ ጋር በጎማ ላስቲክ ያስራል። ማሽኑ ፊት ደግሞ እግሩ እንዳይጣበቅ ወለሉ ላይ በኖራ መስመር አሰመረ፤ መስመር ሲያይ ይረግጣል። «እኔና በሽታው ተደራደርን» ይላል። ጋሼ ሙሌ ይሄን ሁሉ ቆሞ ያያል፤ አይረዳም፣ አይከለክልም።

አንድ ጠዋት መሮው ያዘ። እንጨት ሲሽከረከር መሮው ከሚገባው በላይ ከገባ ይይዛል፤ ሁሉም ሠራተኛ ያውቀዋል። እጅ ፈጥኖ ካልተመለሰ እንጨቱ ከማሽኑ ይወጣል። የአባዬ እጅ መመለሱን ዘገየ። የአልጋው እግር ተወርውሮ ከጋሼ ሙሌ ራስ ከፍ ብሎ ቆርቆሮውን መታው፤ ሱቁ ደወል እንደተደወለ ጮኸ። ጋሼ ሙሌ ቀስ ብሎ ቆርቆሮው ላይ የቀረውን ስርጉድ በመዳፉ ነካው።

በማግስቱ ያልተለመደ ቸር ሆነ። «አሴ፣ አንተ ጠዋት ጠዋት ሥራ። ከሰዓት ቤት ሄደህ እረፍ። ብርጭቆ ወረቀቱንም ቫርኒሹንም እኔ እጨርሰዋለሁ፣ ለደንበኛ የማስረክበውም እኔ ነኝ» አለው። ለስለስ ያለውንና የሚቀለውን እንጨት መርጦ ያቀርብለታል። ማሽኑንም ቀስ ብሎ እንዲዞር አደረገለት። አባዬ ክረምቱን ሙሉ፣ ክኒን ሲፈቅድና መብራት ሲፈቅድ፣ የአልጋ እግር አወጣ።

«የትናንቶቹስ?» ብሎ ይጠይቃል ጠዋት ሲገባ።

«ወስደዋቸዋል።»

«ምን አሉ?»

«ምን ይላሉ? የአሰፋ እጅ ነው።»

አባዬ ራሱን ይነቀንቃል። ፊቱ አይለወጥም፤ ግን ያን ጊዜ በርጩማው ላይ ቀጥ ብሎ ይቀመጥ ነበር።

እኔ አንድ ነገር አይቼ ነበር። አባዬ ማጨራረሱን ለጋሼ ሙሌ ስለተወ፣ የጨረሳቸውን እግሮች እንደ ድሮው ሳይዳስስ ግድግዳው ላይ በተርታ ሲያስደግፋቸው፣ በመጀመሪያው ላይ ቀለበቱ ወፍራምና ክብ ነው። በቀጣዩ ላይ ሳሳ ይላል። ከዚያ የባሰ ይሳሳል። የመጨረሻው ላይ በጥፍር የተጫረ መስመር ያህል ሆኗል። እጁ ለራሱ ትልቅ እየሠራ ይመስለው ነበር፣ የሚሠራው ግን እያነሰ እያነሰ ይሄድ ነበር። እኔ ሆን ብሎ ያደረገው ነው ብዬ ወደድኩት፤ እንደ ቤተሰብ፣ አባት፣ እናት፣ ልጅ፣ ሕፃን ብዬ ስም አወጣሁላቸው።

ነሐሴ መጨረሻ ላይ እማዬ ዳቦ እንድገዛ ላከችኝ። የጋሼ ከድር ዳቦ ቤት ከሱቃችን ሁለት መታጠፊያ ራቅ ይላል፤ ምድጃው ከጓሮ ነው፣ ከፊት ዳቦ መሸጫ መስኮትና ረጅም ሰልፍ ብቻ ነው የሚታየው። ዝናቡ አላባራም። ሰልፉ ላይ ቆሜ ጎኔን ስመለከት፣ ግድግዳው ሥር በላስቲክ የተሸፈነ የእንጨት ክምር አየሁ። ላስቲኩ ከአንድ ጎን ተገልጧል። ከሥሩ አባትየው፣ እናትየው፣ ልጅየው፣ ሕፃኑ። የአባዬ የአልጋ እግሮች ናቸው። ከነቀለበታቸው፣ አንዳቸውም ቫርኒሽ ሳይቀባ።

ደስታዬ ለመናገር ይከብዳል። የዳቦ ቤቱ ሠራተኞች ከላይ ቆጥ ላይ ያለ አልጋ እንደሚተኙ አውቅ ነበርና ጋሼ ከድር ለሁሉም አልጋ ሊያሠራላቸው ነው ብዬ ደመደምኩ። ዝናብ እንዳይነካቸው ላስቲክ ማልበሱ ደግሞ የአባዬን ሥራ ማክበሩ ነው። ዳቦውን በሹራቤ ሸፍኜ ቤት ሮጥኩ።

አባዬና እማዬ ምሳ ቀርቦላቸው ተቀምጠዋል።

«አባዬ፣ ያንተን እግሮች አየኋቸው! ጋሼ ከድር ገዝቷቸዋል፣ ብዙ ናቸው፣ ዳቦ ቤቱ ግድግዳ ድረስ ነው የተከመሩት!»

እማዬ ጉርሻዋን መለሰች።

«የትኞቹ?» አለኝ አባዬ።

«እነዚያ ቀለበታቸው የሚቀንሱት።»

«የሚቀንሱት» አለ። ጥያቄ አልነበረም። ከዚያ ለመነሳት ሁለቱንም እጁን ጠረጴዛው ላይ አደረገ። እማዬ «አሴ፣ ዝናብ ነው፣ በኋላ ትሄዳለህ» አለችው። አልሰማትም። እኔ እጁን ይዤው ወጣሁ።

መንገዱ ላይ ጎርፍ የሚሄድበት ትንሽ ቦይ አለ። እዚያ ጋ እግሩ ተጣበቀ። ከኋላችን ከአውቶቡስ ተራ ጭነት የጫነ ጋሪ መጣ፤ ገፊው «ሽማግሌው፣ ወይ እለፍ ወይ ልቀቅ!» አለ። አባዬ ሽማግሌ አልነበረም። እግሬን ከእግሩ ፊት እንደ ኖራው መስመር አድርጌ ሳስቀምጥለት ተሻገረ።

ጋሼ ከድር አባዬን ሲያይ ከመስኮቱ ወጥቶ መጣ። የሚያከብረው ሰው ነው። «እንዴት ነዎት ጋሼ አሰፋ፣ ተሻለዎት? ይግቡ፣ ዝናቡ...» አለ። አባዬ ወደ ክምሩ አመለከተ።

«ወንድምዎ ነው የሚልክልኝ» አለ ጋሼ ከድር። «የተበላሸ ነው፣ ይንደድ አለኝ። ደረቅ ስለሆነ ለምድጃ...» መሀል ላይ አቆመ። የአባዬን ፊት አየ፤ ከዚያ ክምሩን አየ፤ ከዚያ እኔን። «አላህ ይወቅልኝ፣ የእርስዎ እጅ መሆኑን አላወቅኩም።»

ከጓሮ አንድ ሠራተኛ መጥቶ ሳያየን ከክምሩ ላይ እቅፍ ሙሉ አንስቶ ገባ። የምድጃው አፍ ሲከፈት ቀዩን ብርሃን አየን። የአልጋው ጉዳይ ያኔ ነው ከጭንቅላቴ የወጣው። አባዬ ጎንበስ ብሎ አንድ እግር መረጠ፣ ዓይኑን ጨፍኖ በአውራ ጣቱ ከላይ እስከ ታች ዳሰሰው። ረጅም ጊዜ ወሰደበት። ከዚያ ይዞት ወደ ሱቁ ሄድን።

ጋሼ ሙሌ ቶርኖው ላይ ነበር። የሚሠራው ያንኑ የአልጋ እግር ነው፤ ግድግዳው ላይ የጨረሳቸው ተደርድረዋል፣ ቀለበታቸው ሁሉ እኩል ነው። አባዬ «ሙሌ» አለ። ድምፁም ያን ሰሞን አንሶ ነበርና ማሽኑ ዋጠው። ሄዶ ማብሪያውን ዘጋው።

«ይሄ ምኑ ነው የተበላሸው?»

ጋሼ ሙሌ እግሩን አየ፣ እኔን አየ። ከላዩ ላይ ፍቅፋቂ አራገፈ። «ደንበኛው መለሳቸው አሴ።»

«መቼ?»

«ከመጀመሪያው።»

«ክረምቱን ሙሉ ማገዶ ሳዘጋጅ ነው የከረምኩት?»

«ምን ላድርግ ታዲያ?» ጋሼ ሙሌ ድምፁ ተሰበረ። «ሐኪሙ ሥራ አያቁም አለ። ደስ ይልህ ነበር። ጠዋት ስትመጣ ፊትህ... ማለቴ አረማመድህ ሌላ ነበር። ከሰዓት እኔ ደግሜ እየሠራሁ ነው ሱቁ ሳይዘጋ የቆየው። ሌላ ወንድም ቢሆን ቆርቆሮው ከተመታባት ቀን ጀምሮ በሩን ይዘጋብህ ነበር።»

«ብትዘጋብኝ አውቅ ነበር። ቀለበቱ ይሳሳል ብትለኝ አወፍረው ነበር። ካቃተኝም እኔው ራሴ ተውኩ እል ነበር። ምን አሉ ብዬ ስጠይቅህ የአሰፋ እጅ ነው ትለኛለህ!»

ይህን ሁሉ የተናገረው በዚያችው ዝግ ባለች ድምፅ፣ በዚያው በማይንቀሳቀስ ፊት ነው። ጋሼ ሙሌ ፊቱን አጥንቶ ሲጨርስ ትንሽ ተንፈስ አለ፤ ፈገግ ለማለትም ሞከረ።

«ይኸው፣ አልተቆጣህም። እኔ የፈራሁት...»

«ፊቴ አይሠራም ሙሌ» አለ አባዬ። «ሐኪሙ ሲናገር ነበርክ። በሽታው ነው የያዘው። ስስቅም ይኸው ነው፣ ስቆጣም ይኸው ነው። ተቆጥቻለሁ። በሕይወቴ እንዲህ ተቆጥቼ አላውቅም።»

እኔ በሩ ላይ ቆሜ የሰማሁት ሌላ ነገር ነበር። ፊቱ አይሠራም። በሽታው ነው የያዘው። እንግዲያው ክረምቱን ሙሉ እኔን አልተቆጣኝም። ጫማውን ስጠርግለት ተባረኪ ያለው እውነቱን ነው። አባቴ በሕይወቱ በጣም የተቆጣባት ቀን ለእኔ ደረቴ ላይ የነበረው ድንጋይ የወረደበት ቀን ሆነ። በደስታ አለቀስኩ፤ ሁለቱ ወንድማማቾች በእነሱ ጠብ የማለቅስ መሰላቸው።

አባዬ መሮዎቹን በከረጢት አስገባ። ከሱቁ ጥግ የአባታቸው አሮጌ ትንሽ ቶርኖ አቧራ ለብሶ ተቀምጦ ነበር፤ «ይሄን እወስዳለሁ» አለ። ጋሼ ሙሌ ራሱ ጋሪ ጠርቶ አስጫነለት። ተሰነባብተው አልተለያዩም። በመንገድ ላይ አባዬ ከጋሪው ኋላ እየተራመደ፣ «ትዕግስት፣ ዛሬ የነገርሽኝን ነገር ማንም አልነገረኝም። ከእንግዲህ ያየሽውን ንገሪኝ» አለኝ። ያንን በመናገሬ ተጸጽቼ አላውቅም፤ ዛሬም አልጸጸትም።

ለእንቁጣጣሽ ጋሼ ሙሌ ዶሮ ይዞ መጣ። ተሳሳሙ፤ የሰፈር ሽማግሌ ሳይገባ በቤት ነገሩ አለቀ ተባለ። እማዬ ግን ከጋሼ ሙሌ ጋር ናት፤ «ልክ ነው፣ ጣትህን ቢቆርጥህስ? እሱ ያደረገው አዝኖልህ ነው» ትላለች። ጋሼ ሙሌ በአባዬ ቦታ ሌላ ቶርኖ ሠራተኛ መቅጠሩን የነገረን የዚያን ቀን ነው፣ ዶሮው እየተበላ። አባዬ «ጎበዝ ነው?» ብሎ ጠየቀ። «ደህና ነው» አለ ጋሼ ሙሌ። በሌላ ነገር አወሩ። ከዚያ በኋላ በዓል በዓል ይመጣ ነበር፤ ጀርባውን ወደ ግቢው፣ አባዬ ከሱቁ ያመጣው ቶርኖ ወደተተከለበት ጥላ ሰጥቶ ይቀመጣል።

ትምህርት ተከፈተ። አዲሷ መምህራችን ቲቸር አስቴር የሰፈራችን ሰው ናት፤ አልጋዋም ከእኛ ሱቅ የወጣ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት እየተነሳን የወላጆቻችንን ሥራ እንድንናገር አደረገችን። ተራዬ ሲደርስ ተነሳሁ።

«እናቴ አትክልት ትቸረችራለች። አባቴ ቶርኖ ሠራተኛ ነው።»

ቲቸር አስቴር አንገቷን ዘንበል አደረገች። ሐዘኔታዋ የእውነት ነበር። «ነበር ነው የሚባለው የኔ ቆንጆ» አለች። «አባትሽ አሁን ታሟል አይደል? እግዚአብሔር ይማረው። ቶርኖ ሠራተኛ ነበር። ተቀመጪ።»

«ነው» አልኩ።

«አውቃለሁ፣ ግን...»

«ዛሬ ጠዋትም ሲሠራ ነበር። ነው።»

ልጆቹ ሳቁ። አልቀመጥም ብዬ ስለቆየሁ ደብድባ ሳይሆን ትከሻዬን አቅፋ አስቀመጠችኝ። ብትደበድበኝ ይሻለኝ ነበር። የሚቀጥለው ልጅ ተነስቶ አባቱ ሹፌር መሆኑን ተናገረ።

ቤት ስደርስ አባዬ ጥላው ሥር ቶርኖው ላይ ነው። ከዳቦ ቤቱ ወዲህ የአልጋ እግር ትቷል። የሚያወጣው ትንንሽ የዋንዛ ገበቴ ነው። «ገበቴ ብቻውን ነው፤ ከማንም ጋር አይመሳሰልም» ይላል። ጸጉሩና ቅንድቡ በፍቅፋቂ ነጭ ሆኗል። ማሽኑን አቆመ። እጁ ጀመረው።

«ምን አሉሽ ትምህርት ቤት?»

ነገርኩት። ነበር ነው የሚባለው እንዳለችኝ፣ እኔም ነው እንዳልኩ፣ ልጆቹም እንደሳቁ። ሰማኝ። ገበቴውን ከማሽኑ ሳይፈታ ወደ እኔ አዞረው።

«እንዴት ነው?»

ገበቴው ከአንድ ጎን ወፈር ብሏል። ሳልናገር ብቀር ደስ ይለኝ ነበር።

«ጠማማ ነው።»

«የት ጋ?»

በጣቴ አሳየሁት። መሮውን ብብቱ ሥር ሸጎጠና ያን ጎን ላጠው። አቆመ። አሁንስ አለኝ። አሁን በሌላ ጎን ጠሟል፤ ነገርኩት። ደግሞ ላጠው። የገበቴው ግድግዳ እየሳሳ ሄደ። ደግሞ ጠየቀኝ፣ ደግሞ ነገርኩት፣ ደግሞ ላጠው። እማዬ በሩ ላይ መጥታ «በቃ ተይው፣ ጥሩ ነው በይው» በሚል ዓይን ታየኛለች። አላልኩም። በመጨረሻ የፀሐዩ ብርሃን በገበቴው ጎን እንደ ሻማ ቀላ ብሎ ሲያልፍ አየሁ። መሮው ትንሽ ድምፅ አሰማ።

ማሽኑን አቆመው።

«አሁንስ?»

«ተበሳ።»

ጣቱን በቀዳዳው አሾልኮ አየው። «አዎ፣ ተበስቷል» አለ። ፈታና መሬት ላይ አስቀመጠው። ከዚያ ከግድግዳው ሥር ሌላ የዋንዛ ጉማጅ እንዳቀብለው እጁን ዘረጋልኝ።